የሸጥኋትን ዳማ መልሼ ልግዛት?

የአንባቢያችን ደብዳቤ አራት ገጽ ስለሆነ ዋናውን ብቻ አሳጥረን እናቀርባለን።

«ዕድሜዬ 58 ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከ30 ዓመት በላይ በመምህርነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። በ1994 ዓ.ም. በዕቁብና በብድር አንዲት ቡናማ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ገዛሁ። የወረኢሉ ሰው የነበሩት አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀለሟን አይተው በፈረስ ስም ዳማ አሏት፤ ልጆቼም አባ ዳማ ይሉኝ ጀመር። በ2010 ዓ.ም. ባለቤቴ በጠና ታማ አዲስ አበባ ለሕክምና ስንመላለስ ኮምቦልቻ ሱቅ ላለው አንድ ሰው በ190 ሺህ ብር ሸጥኋት። ባለቤቴ ዳነችልኝ፤ ተመስገን። ባለፈው ወር ለለቅሶ ኮምቦልቻ ወርጄ ዳማን ሱቁ በር ላይ ቆማ አየኋት። ኮፈኗን ስዳብስ ባለ ሱቁ አየኝና 780 ሺህ ብር ካገኘ እንደሚሸጣት ነገረኝ። በእጃችን 850 ሺህ ብር አለ፤ ግቢያችን ውስጥ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ልንሠራበት ያስቀመጥነው ነው። ልጄ ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል ይላል። ባለቤቴን ሳማክራት ‹እንደፈቀድክ› ብላኝ ሲኒዋን አንሥታ ገባች። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሽያጩ በውክልና ስለነበረና ሊብሬው እስከ ዛሬ በስሜ ስላለ መኪናዋን በሕግ መጠየቅ እችላለሁ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? አባ ዳማ ነኝ፣ ከደሴ።»

ውድ አባ ዳማ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛውን ንባብ እርሳስ ይዤ፣ የትኛው ጉዳይ ስንት መስመር እንደ ወሰደ ምልክት እያደረግሁ ነበር። ከአራቱ ገጾች ሦስቱ ስለ ዳማ ናቸው። የቶሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚያድርበት ክረምት ጠዋት ጠዋት ለመነሣት እንዴት ታንገራግር እንደ ነበር፣ እሑድ ልጆቹን ከኋላ ደርድራችሁ በሱሉላ በኩል ሐይቅ ስትወርዱ ማን በየትኛው መስኮት በኩል ይቀመጥ እንደ ነበር፣ በግራው የኋላ በር ላይ የግቢያችሁ የብረት በር ያሳረፈባት ጠባሳ ዛሬም ሳይጠፋ መቆየቱን፣ ይህን ሁሉ በፍቅር ጽፈውታል። ስለ ባለቤትዎ የጻፉት ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። እኔ የምመልስልዎ አብዛኛው ነገር ከእነዚያ ሁለት መስመሮች የሚነሣ ነው።

ሐሳቤን ሳልሸሽግ ላስቀድም። ዳማን መልሶ መግዛት ስሕተት ነው ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም ይግዟት ወደሚለው አደላለሁ። ነገር ግን በዚህ ሳምንት አይደለም፣ በ780 ሺህ ብርም አይደለም፣ ከባለቤትዎ ጋር ያልተነጋገራችሁት ነገር ሳይነሣ ደግሞ ፈጽሞ አይደለም።

በመጀመሪያ የወዳጅዎን ምክር ከመንገዳችን እናውጣ። ገንዘብ ተቀብለው፣ ቁልፍ አስረክበው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ሲያበቁ ሊብሬው በስሜ ነው ብሎ መኪናዋን መጠየቅ ሰውየውን መካድ ነው፤ እርስዎም ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ነገሩን በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ፣ አንገትዎን ደፍተው እንደሚናገር ሰው ያነሡት። ይህ ሊብሬ በስምዎ መቅረቱ ወዳጅዎ እንዳሰበው ጥቅም ሳይሆን ሸክም እንደ ሆነ ግን ማወቅ ይገባዎታል። ውክልና ሽያጭ አይደለም፤ አንድ ሰው በሌላው ስም እንዲሠራ የሚሰጥ ሥልጣን ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸው ሲሞቱ ሥልጣኑም አብሮ ይቋረጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ራሱ መሪውን ባይዝም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ዳማ በእነዚህ ስምንት ዓመታት ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከኮምቦልቻ ከሚሴ ስትመላለስ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ሰው ብትገጭ ኖሮ ተከሳሾች ሲቆጠሩ መዝገቡ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ይጠራ ነበር።

ስለዚህ ገዙም አልገዙም ይህ ነገር ማለቅ አለበት። ሊገዟት ከሆነ ሽያጩ በጽሑፍ ይሁን፤ ሊብሬው ከእጁ ወደ እጅዎ ይመለስ፤ ውክልናውም በተሰጠበት ጽሕፈት ቤት ይነሣ። የማይገዟት ከሆነ ግን ቀጠሮ ይዘው ስሙን ወደ እርሱ ያዙሩለት። ይህንንም ለባለ ሱቁ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ከመናገርዎ በፊት ይንገሩት። «ብንስማማም ባንስማማም የስሙን ጉዳይ እጨርስልሃለሁ» ይበሉት። ዋጋ ለማስቀነሻ አያድርጉት። ሰውየው እርስዎን አምኖ በእርስዎ ስም በተመዘገበ ንብረት ላይ ገንዘቡን አሳድሮ ኖሯል፤ ይህ እምነት በወሎ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለእርስዎ እኔ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልመለስ።

ዳማ የተሸጠችው ለእርሳቸው ሕክምና ነው። ይህን እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው «ባለቤቴ ዳነችልኝ፤ ተመስገን» ብለው አልፈውታል። ለእርስዎ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘግቷል፤ መኪና ሄደ፣ ነፍስ ተረፈ። እርሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችሁ ውስጥ ስለ ዳማ የተነገረውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ሲሰሙት የኖሩ ይመስለኛል። በክረምት ዝናብ ባጃጅ ጠፍቶ መንገድ ዳር ስትቆሙ «ዳማ ብትኖር ኖሮ» ተብሎ ይሆናል፤ ልጆቹ ለበዓል ሲሰበሰቡ የሐይቁን ጉዞ እያነሡ ስቀው ይሆናል፤ እርስዎም መንገድ ላይ ሌላ ዲኤክስ ሲያልፍ ዘወር ብለው አይተው ይሆናል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ክፋት የለበትም። ሆኖም «ዳማ ብትኖር ኖሮ» የሚለው ንግግር ታምሞ ለተነሣው ሰው «አንቺ ባትታመሚ ኖሮ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር የሰማ ሰው «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቅበት አንደበት የለውም፤ ምክንያቱም በእርግጥም ለእርሱ ሲባል ተሽጧል። ስለዚህ ዝም ይላል። ከዓመታት በኋላ ሲማከርም «እንደፈቀድክ» ይላል።

በእኛ አገር «እንደፈቀድክ» ፈቃድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲኒ አንሥቶ መግባት ሲከተለው ግን ፈቃድ አይመስለኝም።

ልሳሳት እችላለሁ፤ እኔ ያለኝ ሁለት መስመር ነው፤ እርስዎ ግን አብሮ የኖረ ዕድሜ አለዎት። ምናልባትም የእርሳቸው ጭንቀት ግልጽና ቀላል ሊሆን ይችላል፦ ጡረታዎ ቀርቧል፣ የሁለት ክፍል ኪራይ በየወሩ የሚገባ እንጀራ ነው፣ መኪና ግን በየወሩ የሚወጣ ወጪ ነው። እንዲያ ከሆነ ይህ ሐሳብ ከእኔም ከእርስዎም ሐሳብ የበለጠ ሚዛን ስላለው በቁም ነገር ሊሰሙት ይገባል። ነገር ግን ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ሲጠየቁ ነው፤ ሲጠየቁም ስለ ግዢው አይደለም። «ልግዛት ወይስ ልተዋት?» ብለው አይጠይቋቸው፤ ያንን ጠይቀው መልሱን አግኝተዋል። ጎረቤት ከቡናው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ፣ ልጆች በሌሉበት፣ «ዳማ የተሸጠች ዕለት አንቺ ምን ተሰማሽ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መልሱ ቢዘገይም መሐል ገብተው አያስረዱ። እርሳቸው ተናግረው ሲጨርሱም፣ እውነት ከሆነ ብቻ፣ ያን ዕለት ቁልፏን ሲሰጡ አለመጸጸትዎን፣ ዛሬም ያው ነገር ቢመጣ በዚያው ቀን እንደሚሸጧት በአፍዎ ይንገሯቸው። ይህን ያውቃሉ ብለው አይመኑ። ደብዳቤዎን ያነበብሁት እኔ እንኳ ይህን ከየትኛውም መስመር ላይ አላገኘሁትም።

ከዚህ ንግግር በኋላ ዳማን መግዛት የማያስፈልግ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ወይም ባለቤትዎ ራሳቸው ከእርስዎ በላይ ሊፈልጓት ይችላሉ፤ በዚያች መኪና ሐይቅ የወረዱት፣ ከእርስዎ ጎን ባለው ወንበር ተቀምጠው ልጅ ያቀፉት እርሳቸውም ናቸውና። ሁለቱም ሲሆን አይቻለሁ።

ስለ ገንዘቡ፣ በደብዳቤዎ «በ190 ሸጬ በ780 ልግዛ?» የሚል ምሬት አለ፤ ይህን ምሬት ላቅልልልዎ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ብር ከተዳከመ በኋላ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር፤ 190 ሺህ ብርዎ ወደ 7,000 ዶላር ይጠጋ ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ130 ብር በላይ ስለ ወጣ ባለ ሱቁ የጠራው 780 ሺህ ብር ከ6,000 ዶላር በታች ነው። ከዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ የጣለው ከባድ ቀረጥ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲጨመር፣ የ40 ዓመት ዕድሜ ያላት ዲኤክስ እንኳ ዋጋዋ የማይወድቅበት ምክንያት ይገባዎታል። ያታለለዎት ሰው የለም፤ ያን ጊዜ ርካሽ ሸጠው ዛሬ ውድ እየገዙ አይደለም። ይህን የምለው እንዲገዙ ለማባበል ሳይሆን፣ በቁጭት የሚገዛ ሰው ዋጋ መደራደር ስለማይችል ነው።

በ780 ከገዟት በእጅዎ የሚቀረው 70 ሺህ ብር ነው። ጎማና ባትሪ መቀየር ቢያስፈልግ፣ ላሜራ ሠሪ ዘንድ ሁለት ሳምንት ብትቆም ያ ገንዘብ አለቀ፤ ቤቱም አልተሠራ፣ መኪናዋም አልተጠገነች። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድዎ በፊት ከአንዱ ክፍል ግንባታ የሚነካ ገንዘብ እንዳይኖር አድርገው ጣሪያ ያብጁ፤ ጣሪያውንም ከባለቤትዎ ጋር ሆነው በወረቀት ላይ ይጻፉት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከ650 ሺህ ብር አላልፍም ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሊቆይ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን መሠረቱ ይውጣ። ባለ ሱቁ ኮፈኗን ሲዳብሱ ስላየዎ ደግሞ ዋጋውን የሚነጋገረው ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ዳማን የማያውቃት፣ የእህት ወይም የወንድም ልጅ፣ ቁጥሩን ይዞ የሚሄድና ቁጥሩ ላይ የሚቆም ሰው ይሁን።

ልጅዎ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ነገር ለሥራ መመላለሻ መኪና ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን ያ ስላልሆነ እዚህ አልዘገይበትም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርዎ። አባቴ ቮልስዋገን ነበረቻቸው፤ ሲያርፉ ለዕዳ ተሸጠች። በ1999 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ አገኘኋትና ዕለቱን ገዛኋት። መሪው ላይ የአባቴ መዳፍ እያሻሸ ያለሰለሰው ቦታ ነበር፤ እርሱን ይዤ ተቀመጥሁና ሌላ ነገር ማየት አልቻልሁም። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብ ኖሮ ወለሉን በልቶት ነበር፤ የኋላውን ወንበር አንድ ጊዜ ብድግ ባደርገው ኖሮ መንገዱ በቀዳዳው በኩል ይታየኝ ነበር። ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ ከገዛሁበት ግማሽ በላይ ሆነ። ሻጩ ያውቅ ነበር ብዬ ለረጅም ጊዜ ተቀይሜዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። መኪናዋን በመግዛቴ አንድም ቀን አልተጸጸትሁም፤ ዘጠኝ ዓመት ነድቻታለሁ። የጸጸተኝ ወንበሩን አለማንሣቴ ነው።

ፈረስ የሚገዛ ሰው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የራሱን ፈረስ መልሶ የሚገዛ ግን አንገቱን ያቅፋል እንጂ ጥርሱን አያይም። አባትዎ ዳማ ብለው የሰየሟት ሰው ስለ ነበሩ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጥርሷን የሚያይልዎ ሰው ይዘው ይውረዱ፤ ድሮ የምትጠገንበት ጋራዥ መካኒክ አይሁን፣ እርሱም ይወዳት ይሆናልና። ዲኤክስን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ዳማን ግን አይቷት የማያውቅ ሰው ይሁን።

ከሌላው ገዢ ሁሉ የሚበልጡበት አንድ ነገር ቁጥሮቿን ማወቅዎ ነው። ከሽያጩ ዘመን የቀረ የሊብሬው ቅጂ በቤትዎ አይጠፋምና የሻንሲ ቁጥሩን በሞተር ክፍሏ የኋላ ግድግዳ ላይ ከተመታው ጋር፣ የሞተር ቁጥሩንም ከሞተሩ ጋር ያስተያዩ። የዲኤክስ ሞተር ባለ 1,290 ሲሲው ፎር ኬ ነው፤ ሲያረጅ ተለቅ ባለው በፋይቭ ኬ የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው። መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ፋይቭ ኬ ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ይመቻል። ነገር ግን ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ሲጠየቅ ጣጣ ይሆናል፤ መዝገቡ በእርስዎ ስም ስላለ ደግሞ መልስ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ጠዋት ይሂዱ፤ እስክትደርሱ ድረስ ሞተሯ እንዳይነሣ ለባለ ሱቁ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲደርሱም መካኒኩ ኮፈኑን በእጁ ይንካው። ሞቆ ካገኘው ከእናንተ በፊት ተነሥታለች፤ ያን ጊዜ ተመልሳችሁ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚወጣው ጭስ ብዙ ይናገራል፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፣ ጥቁር ከሆነ ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልቆመ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። ጥቁሩን ደሴ ስትወጡ ካዩት ግን ወዲያው አይደንግጡ፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆኑ ለኮምቦልቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደሴ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅ ይበዛበታል። ያ በጥቂት ደቂቃ ማስተካከያ የሚያልቅ ነገር ነው።

ዝገቱን በማግኔት ያስፈልጉት። ከፊት ፓራፋንጎ ታችኛው ጠርዝ፣ ከበሮቹ ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ባለው ቅስት ላይ ማግኔቱን ያሳርፉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፏንም ያስነሡ። ያችን የበር ጠባሳ ሲያዩ ልብዎ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ግን እርሷ ካለችበት በር ሥር ያለው ብረት ጤነኛ መሆኑን መካኒኩ በጠመንጃ መፍቻ እንኳ ነካ ነካ አድርጎ ያረጋግጥልዎ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለባለ ሱቁ በአክብሮት ይጠይቁት፦ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ዳማ የት ነበረች? ከእነዚያ ወራት ስንቱ መኪና ተጎድቶ ተጠግኖ እንደ ወጣ ሁላችንም አይተናል። ጥያቄው ሰውየውን ለመመርመር ሳይሆን እርሷን ለማወቅ እንደ ሆነ በንግግርዎ ይለይለት፤ ምናልባት በዚያ ጊዜ ያጣው ከመኪና የሚበልጥ ነገር ሊኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ ካለፈ የቀረው ሐረጎ ነው። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ የሚነዳት ሰው ስለ ዳማ ምንም አያውቅም። ደሴ ባለበት ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ውሃም ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የደከመ የራዲያተር ክዳን፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን ካለ ከኮምቦልቻ ደሴ ባለው ዳገት ላይ ራሱን ይገልጣል። ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘው ይውረዱ፤ ፍሬኗ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ወይም ከጥቂት ጠመዝማዛ በኋላ እየላላ የሚሄድ ከሆነ ያኔ ያውቁታል።

ለዚህ ሙከራ መካኒኩና የባለ ሱቁ ልጅ ከኋላ ይቀመጡ። ከፊት፣ ከጎንዎ ባለው ወንበር ባለቤትዎ ይቀመጡ። አስቀድመው ካልተነጋገራችሁ አይውሰዷቸው፤ ከተነጋገራችሁ ግን ያለ እርሳቸው አይሂዱ። እርስዎ ጆሮዎ በሞተሩ፣ ዓይንዎ በመንገዱ ስለሚሆን የሙቀት መለኪያዋን መርፌ እርሳቸው ይመልከቱልዎ። ደሴ ከፍ ብላችሁ ስትደርሱ መንገድ ዳር አቁመው ሞተሩን ሳያጠፉ መርፌው የት እንደ ደረሰ ይጠይቋቸው፤ ከዚያም ሌላ የሚሉት ነገር ካለ፣ ወደ ባለ ሱቁ ቁጥር ይዞ የሚሄደው ልጅ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት፣ እዚያው ተቀምጠው ይስሟቸው።